ገመድ ላይ የሚውል ትምህርት

አዳማን፣ ያኔ ናዝሬት እንላት የነበረችውን ከተማ፣ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ነፋሷ ነው። ከቀትር በኋላ ከሜዳው ተነሥቶ፣ የጋሪ ፈረሶችን ጋማ አበጥሮ፣ በባቡር ጣቢያው በኩል ወደ ሰፈራችን ይገባል። ሌላው ሰፈር ነፋሱ ሲመጣ መስኮት ይዘጋ ነበር። እኛ ግን ጆሮ እንሰጠው ነበር፤ የወይዘሮ አሳየች ገመድ የሚናገረው ያን ጊዜ ነውና። ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ሽው ይላሉ፤ የርግብ መንጋ ከጣራ ላይ የተነሣ ይመስላል።

ወይዘሮ አሳየች ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተወለዱት መተሐራ ነው። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ይጠግኑ ስለነበር፣ ልጃቸው ከባቡር መስኮት የሚወረወር ጋዜጣ እየለቀመች ፊደል ቆጠረች። ኋላ ናዝሬት መጥተው ከአንድ አርመናዊ ዘንድ ስፌት ለመዱ፣ አገቡ፣ ትምህርቱንም ተዉት። ባላቸው ካረፉ በኋላ ነው፣ ጠጉራቸው መሸበት ሲጀምር፣ ወደ ማታ ትምህርት ቤት የተመለሱት። እኔም እዚያው ነበር የምማረው። አስተማሪው ሲገባ «ለማን ነው የምንነሣው፣ ለእሱ ነው ለእትዬ አሳየች?» እየተባባልን እንስቅ ነበር። እሳቸውም ይሰሙ ነበር። «ለወንበሩ ተነሡለት፣ እኔን ችሎ የተሸከመው እሱ ነው» ይሉን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክረምት ነው። ጣራቸው አፍስሶ ደብተራቸው ራሰ። እሳቸውም ሉኮቹን ገንጥለው፣ ከደጃፋቸው ግራር እስከ አጥሩ ምሰሶ በተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሏቸው። መንገዱ ወደ መናኸሪያው የሚወስድ ነበርና አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ፋዲላ፣ አባቷ ከወሎ መጥተው እዚያው ጥግ ሱቅ የከፈቱት ልጅ፣ እርሳስ ይዛ ቀረበች።

«እትዬ፣ ይህቺን የሒሳቧን ልገልብጣት?»

«ገልብጫት። ግን ሁለት አድርገሽ ገልብጪ፤ አንዱን ለአንቺ፣ አንዱን ለገመዱ።»

የገመዱ ሕግ ይኸው ሆነ። የወሰደ ገልብጦ ይመልሳል። የተሻለ መንገድ ያወቀ፣ ስሕተትም ያገኘ፣ ከወረቀቱ ዳር ይጽፋል። የአንድ ሉክ ዳር ሲሞላ ወይዘሮ አሳየች እሑድ እሑድ ግራሩ ሥር ተቀምጠው፣ የዳሩን ወደ መካከል እያስገቡ በአዲስ ሉክ ይጽፉታል። «ማደስ» ይሉት ነበር። ከወንጂ የሚመጡት የሸንኮራ ቆራጮች በሒሳቡ ውስጥ ያለውን የገብስ ምሳሌ በአገዳ ይለውጡታል፤ ከመቂ የሚመጣው ሰው ሽንኩርት ያደርገዋል። ወይዘሮ አሳየች የማንንም አይፍቁም። «ልብስ ልኩ የሚታወቀው ሰው ሲለብሰው ነው» ይሉ ነበር።

ወረቀቱን ወደ መቂና ወደ ሻሸመኔ የሚያደርሰው ሳሊህ ነው፤ በዚያ መስመር አውቶቡስ የሚነዳ፣ ከተሳፋሪ ሁሉ ጋር የሚቀልድ ሰው። ከመቀመጫው ኋላ ሸጉጦ ይሄዳል፤ ሲመለስ የተጻፈበትን ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ገመዱ ከግራሩና ከምሰሶው አልፎ እስከ ሻሸመኔ የተወጠረ እየመሰለን ነበር የምንኖረው።

ዘመኑ ግን የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ «ወረቀት ይበትናል» የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም። አንድ ቀን ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ ሉኮቹን ከሳሊህ መቀመጫ ኋላ አገኙ። በእጅ የተጻፈ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ዳሩ በልዩ ልዩ እጅ የተሞላ ወረቀት። አውቶቡሱን አቁመው ሳሊህን ሲጠይቁት ዋሉ። ማምሻውን ለቀቁት፤ ነገር ግን «ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘህ ሁለተኛ እንዳናይህ» አሉት።

ሳሊህ ወይዘሮ አሳየች ዘንድ ሲደርስ ቀልዱ አልነበረም። «እትዬ፣ እኔ ስለ እስር አይደለም» አለ። «ልጆቼ አባታችሁ በምን ታሰረ ሲባሉ፣ በማካፈል ሒሳብ ይላሉ?»

ወይዘሮ አሳየች በማግሥቱ ወደ ቀበሌ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ጎበና ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትምህርት የሚወዱ፣ ከትምህርትም ይልቅ ንጽሕና የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ይህ የተጫጫረ ነገር አይታተምበትም፤ ንጹሕ አድርገሽ ገልብጠሽ አምጪልኝ» አሏቸው። እሳቸውም ሁሉንም በጥድፊያ ገለበጡት። ጓድ ጎበናም ማኅተሙን እየተነፈሱበት፣ ሉክ በሉክ፣ ደስ እያላቸው መቱ። ያን ሰሞን ገመዱ ላይ ከየወረቀቱ ግርጌ ክብ ወይን ጠጅ ቀለም ነበር። ሲያዩት ያምር ነበር። ኬላውም ሳሊህን ማስቆም ተወ።

መጀመሪያ ያስተዋሉት ወይዘሮ አሳየች ናቸው። እሑድ ግራሩ ሥር ተቀመጡ፤ የሚታደስ አልነበረም። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። የሉኮቹ ዳር ነጭ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ይገለብጣል፣ ይመልሳል፣ ይሄዳል። ማንም እርሳሱን ወደ ዳሩ አያስጠጋም። ነፋሱ ሲመጣ እንኳ ድምፁ የተለየ መሰለኝ።

«ሕልም አየሁ» አሉን አንድ ቀን። «ገመዱ ላይ የተሰጣው ሁሉ የሙሽራ ልብስ ነው። እየተጠጋሁ ባየው፣ አንዱንም የለበሰው የለም።»

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ቡዜ ከሳሊህ ጋር በአውቶቡሱ ከመቂ መጣች። ቡዜ ከእኅቶቿ ጋር ሽንኩርት የምታለማ፣ ማታ ማታ ከገመዱ የሄደውን ወረቀት ለጎረቤት የምታነብ ሴት ናት።

«አከም ቡልተኒ፣ እትዬ አሳየች» አለችና ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ወረቀታችሁ ማሳችንን እጥፍ አደረገው። ዝናብ እንኳ እንዲህ አያበዛም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኖው የሚያጠጣው አንድ የሦስት ማዕዘን ማሳ ነበራቸው። ስፋቱን በወረቀቱ መንገድ አስልተው ለዚያ የሚበቃ ችግኝ አፈሉ። ሲተክሉ ማሳው ሞላ፤ የችግኙ ግማሽ ግን ገና አልተተከለም ነበር። የተረፈው ቦታ አጥቶ መደቡ ላይ ጠወለገ።

ወይዘሮ አሳየች ሉኩን ከገመዱ አወረዱ። መሠረቱን በከፍታው ማባዛት ይላል። «ከዚያም ለሁለት ማካፈል» የሚለው ግን የለም፤ ለማኅተሙ በጥድፊያ ሲገለብጡ ዘለውታል።

«አንቺ አላየሽውም?» አሏት ፋዲላን።

«አይቻለሁ እትዬ። እኔ በቃሌ እጨምርበታለሁ።»

«ሳሊህስ?»

«እኔም ለተሳፋሪው ስሰጠው፣ ለሁለት ማካፈሉን እንዳትረሳ እለዋለሁ» አለ ሳሊህ። የማታው አስተማሪያችንም ለካ እንደዚሁ ያደርግ ነበር፤ እኔም ራሴ። ሁላችንም በአፋችን እያቃናን፣ ወረቀቱን ግን ጎባጣ አድርገን እንገለብጠው ነበር። የሚነግረው ሰው ያላገኘ ብቻ፣ በሩቅ ያለ ብቻ፣ ወረቀቱን አመነ።

«ታዲያ ዳሩ ላይ ምነው ሳትጽፉ ቀራችሁ?»

ቡዜ ተናገረች። «ማኅተም አለበት፣ እትዬ። ማኅተም ያለበት ላይ ማን ይጽፋል?»

ያን ቀን ወይዘሮ አሳየች ማሽናቸውን ሳይነኩ ዋሉ። ማኅተሙን ቢያነሡት ሳሊህ ኬላ ላይ ይቀራል። ቢተዉት ገመዱ ሕልማቸው ላይ እንዳዩት ልብስ ባዶውን ይወዛወዛል። ነፋሱ አልፎ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከቁም ሣጥናቸው ጥቂት ክንድ አቡጀዲ አወጡ።

ወደ ጓድ ጎበና ሲሄዱ ፋዲላ አብራቸው ነበረች፤ የሆነውን እየደጋገመች ስለነገረችን ያየሁት ያህል ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ማኅተምዎን ልመልስ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ማኅተም የተዋስሽው ድስት ነው የምትመልሺው?»

«ሰዉ ፈራው።»

«ሊፈራማ ነው የተሠራው።»

ወይዘሮ አሳየች ከነጠላቸው ሥር የአቡጀዲ ከረጢት አወጡ፤ አፉ በማሰሪያ የሚሸበብ፣ ሉክ ሳይታጠፍ የሚይዝ። «ወረቀቱን ይተዉልኝና እዚህ ላይ ይምቱልኝ።»

«ጨርቅ ላይ? እንደ ቄራ ሥጋ?»

«ሥጋውስ ቢሆን ከላይ ታትሞ አይደል ውስጡ የሚበላው።»

ጓድ ጎበና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው አለቀ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሳየች፣ ነገ ከዚህ ከረጢት ሌላ ወረቀት ቢወጣ፣ ማኅተሙ የማን ነው መባሉ አይቀርም። ልጆች አሉኝ» አሉ።

ወይዘሮ አሳየች ከረጢቱን ገለበጡት። በሌላው ገጽ ስማቸው ከነአባታቸው በቀይ ክር ተጠልፎ ነበር።

«ማኅተሙ የቀበሌው ነው፤ ከረጢቱ የእኔ ነው። የሚጠየቀው ስሙ ያለበት ሰው ነው።»

ጓድ ጎበና ጥልፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይህ ክር በቀላሉ አይተረተርም።»

«እንዳይተረተር ነው የጠለፍኩት።»

ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን አነሡ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱበት፤ መቱት። ቀለሙ በአቡጀዲው ላይ ትንሽ ተስፋፋ።

ወይዘሮ አሳየች የታተሙትን ሉኮች አውርደው ሁሉንም ያለ ማኅተም እንደገና ጻፉ። የሦስት ማዕዘኑን ግን አላቃኑትም፤ እንደ ጎደለ ሰቀሉትና ፋዲላን እርሳስ አስያዟት። ፋዲላ ግራና ቀኝ አይታ፣ ከዳሩ «ለሁለት ይካፈል» ብላ ጻፈች። ሌላው ተከተላት። የተራበ ሰው ወደ ማዕድ እንደሚቀርብ፣ ቀስ እያለ፣ በኋላም እየተጋፋ።

ሳሊህ ከረጢቱን ይዞ በወጣ ቀን ወይዘሮ አሳየች ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። «ሊይዘኝ የሚመጣ ካለ ልብሴን ለመቀየር እንዳላስጠብቀው ነው» አሉ።

ኬላው ላይ ጠባቂው ከረጢቱን አገላብጦ አየ። «ይህቺ አሳየች ማን ናት?»

«ልብስ ሰፊ ናቸው።»

«ልብስ ሰፊ ከወረቀት ጋር ምን አላት?»

«ወረቀቱንም ያጠብቡታል፣ ያሰፉታል» አለ ሳሊህ፣ ምላሱን ሊነክስ እየፈለገ። አውቶቡሱ ውስጥ ከመቀመጫ ሥር ካለች ዶሮ በቀር ድምፅ አልነበረም። ጠባቂው አንድ ሉክ መዘዘ። ዳሩ ጥቁር እስኪሆን ተጽፎበታል። «ይህ ሁሉ እጅ የማነው?»

«የሁሉም ነው።»

ጠባቂው ማኅተሙን አየ፣ የቀዩን ክር ስም አየ፣ ሉኩን እንደገና አየ። ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ቆየ። ከዚያ መልሶ ከተተውና ማሰሪያውን ራሱ ሸበበው። «እለፍ» አለ።

ያ የሦስት ማዕዘን ሉክ ከሻሸመኔ የተመለሰው አቧራው በረድ ባለበት ሰሞን ነው። ከፋዲላ ጽሕፈት ሥር፣ ማን እንደሆነ በማናውቀው እጅ፣ «ለምን ግማሽ?» የሚል ተጽፎ ነበር። ወይዘሮ አሳየች ለአዲስ ሉክ አልቸኮሉም፤ እንዳለ ሰቀሉት። ፋዲላ አንብባ ብዙ አሰበች። ሻሿን ከራሷ ፈታ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጥፋ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ጻፈች፦ «ሻሽ እጠፉ። አራት ማዕዘኑ ሁለት እኩል ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ማሳው አንደኛው ብቻ ነው።»

ሉኩ በከረጢቱ እንደገና ሄደ፤ እንደገናም ተመለሰ። ከሥሩ ያው እጅ፣ በእርሳስ፣ አንዲት ቃል ጨምሮ ነበር፦ «ገባኝ።»

እንደ ልማዱ ቢሆን ያ ሉክ ታድሶ መጣል ነበረበት፤ ዳሩ ሞልቷልና። ወይዘሮ አሳየች ግልባጩን አዘጋጅተው ላኩት፣ ዋናውን ግን ከግራሩ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ተዉት። ፀሐይ ቀለሙን እየበላው ወረቀቱ ገርጥቶ ገርጥቶ፣ የማይነበብ ሆነ። ነፋሱ ከሜዳው ሲነሣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነበር፤ ሌሎቹ ከእሱ ይቀበሉ ነበር።