ጭልፋው ላይ የደረቀው ሲሚንቶ

የእናቴ አርባ ከወጣ በኋላ ሳጥኗን ስከፍት፣ ከክት ቀሚሷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጭልፋ አገኘሁ። ተራ የወጥ ጭልፋ ነው፣ የብረት። ጀርባው ላይ አመድ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። በጥፍሬ ብፍቀው አልነቃነቅ አለኝ። ምንነቱን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሲሚንቶ ነው፤ ያስነካሁትም እኔ ነኝ። ግን ይህንን ጭልፋ እኮ ደጋ ላይ፣ ከቤታችን ጓሮ ካለው ገደል ውስጥ ነበር የወረወርኩት! ማን አወጣው? እንዴትስ እናቴ ሳጥን ገባ? አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እዚህ ወልድያ መሃል ከተማ፣ ጭቃ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ የቦካ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

እኔ ሰው አላምንም። ኋላ እንዳትታዘቢኝ አስቀድሜ ልንገርሽ። ዛሬም ባጃጅ ስሳፈር ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ነው የምይዘው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሻይ የጋበዘኝ ሰው «ምን ሊጠይቀኝ ይሆን?» እያልኩ ነው ሻዩን የምጨርሰው። ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ከወልድያ ወደ ደጋው ወጣሁ፣ እናቴ ብቻዋን ቀርታ ነበርና። ባሏ የሞተባት ሴት ደጃፍ ላይ የቆመ ሁሉ ለእኔ መሬቷን ሊነጥቅ የመጣ ነበር። አጎቴን፣ የአባቴን ታናሽ ወንድም ራሱን፣ በጎሪጥ ነበር የማየው።

ቤታችን ከወልድያ በላይ፣ ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ፣ ነፋስ የሚመታው አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ በደቦ የሠራው ነው፤ ድንጋይ በጭቃ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከቤት ስትወጪ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግርሽ ሥር ይንኮሻኮሻል። ግድግዳ የሚበላው እሱ ውርጩ ነው። ግድግዳው የጠጣው ውሃ ሌሊት ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በአፋፉ በኩል ያለው ግድግዳችን ሆዱ ተነፍቶ፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባ ነበር። የእናቴ መደብ ደግሞ ልክ እሱ ሥር ነው። ብርዱ ደረቷን ይዟት ሳሉ አይለቃትም። «ወልድያ ውረጂ፣ ቤት ተከራዪ» ሲሏት «ባሌ ከሠራው ቤት ሬሳዬ ካልሆነ አይወጣም» ትላለች። እንግዲህ ግድግዳው ከክረምት በፊት ካልታደሰ፣ ወይ ቤቱ ይወድቅባታል፣ ወይ ብርዱ ይገድላታል።

ለእድሳቱ ያስጠራናቸው ግንበኛ ግራና ከምትባል የቆላ ከተማ መጡ። ሽበታም ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ መዶሻቸውን፣ ቱንቢያቸውንና ስጋጃቸውን በአንድ ጆንያ ተሸክመው ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። እናቴ «ኧረ ይግቡ አባቴ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ» ብላ ተቀበለቻቸው። እኔ ግን በሆዴ «ደግሞ የግራና ሰው ስለ ውርጭ ምን ያውቃል?» አልኩ።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን ነበር መሰለሽ? «በዚህ በኩል የሚተኛው ማን ነው?»

ምን አገባቸው! ባል የሌላትን ሴት መኝታ ግንበኛ ምን ብሎ ይጠይቃል? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩባቸውም። ከስንጥቁ ውስጥ ፍርፋሪ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉና ተፉት። «ጨው ይዟል» አሉ። ስንጥቁ ላይ አውራ ጣት የምታክል ጭቃ ለጠፉና በጥፍራቸው አሰመሩባት፤ «ግድግዳው እየሄደ እንደሆነ እሷ ትነግረኛለች» አሉ። ማለዳ ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ ደግሞ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ጭነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል አይታቸው «ልጄ፣ ይሄ መተት ነው። በእናትሽ ላይ ነው የሚደግምባት» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ክፉ ወሬ መቼ ለማመን አስቸግሮኝ ያውቃል!

እናቴ ምንም አልመሰላትም። ሽሮውን በትልቁ ጭልፋ ጨልፋ «ይብሉ እንጂ አባቴ፣ አልበሉም እኮ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ሲበሉ ሳይቀር እመለከታቸው ነበር፤ ምን ለማግኘት እንደሆነ እንጃ።

አፈሩን ከገብስ ጭድ ጋር ረግጠው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ሸፍነው ሳምንት ሙሉ አቦኩት። ሽታው የሚገርም ነበር፤ በረት በረት ይላል፣ ኮምጠጥ ይላል። አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «ይሄ ሰውዬ ቀን ሊበላ ነው!» ብሎ ግማሽ ጆንያ ሲሚንቶ ከወልድያ በበቅሎ አስጭኖ መጣ።

ሽማግሌው ጆንያውን ዳሰስ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ለዚህ ግድግዳ አይሆንም። ጭቃ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍናል። ውሃ ከገባ መውጫ ይፈልጋል።»

«ግድግዳ ሰው ነው እንዴ የሚተነፍሰው?» አለ አጎቴ። ሳቅን። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ከዚያ ሥራ ሲጀምሩ፣ ዛሬ ሳስበው፣ እንደሳቸው የሚሠራ ሰው አላየሁም። የረገፈውን ጭቃ ከየመገጣጠሚያው ጠርገው ያወጣሉ፣ ቦታውን በውሃ ያረጥባሉ፣ የቦካውን ጭቃ በጠጠር እያጠበቁ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። ሆዱ የተነፋውን ድንጋይ በድንጋይ አውርደው መልሰው ካቡት። ሲጨርሱ ግን ከግድግዳው እግር ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ሦስት ቀዳዳ ተዉ። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ። አዲስ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ! እኔን ጠሩኝና «ልጄ፣ እነዚህን አደራ። በእንጨት እየጎረጎርሽ ክፈቻቸው። እንዳይደፈኑ» አሉኝ።

አደራ ሲሉኝ ይብስ ጠረጠርኩ። ለምን እኔን? ለምን ሦስት? ለምንስ ከእናቴ መደብ ትይዩ? ጎረቤታችን ደግሞ «በዚያ በኩል ነው የሚያስገባባት» ብላ ጨመረችልኝ።

እሳቸው ወደ ግራና በወረዱ በሳምንቱ ማርያም ነበረች። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከአጎቴ ሲሚንቶ በጣሳ ዘግኜ ከአሸዋ ጋር በውሃ ለወስኩት። የግንበኛ መለሰኛ የለኝም፤ የእናቴን ጭልፋ አነሳሁ። ሦስቱንም ቀዳዳ ጠቅጥቄ ደፈንኩና በጭልፋው ጀርባ አለሳለስኳቸው፣ እንዳያስታውቅ ደግሞ ከላይ ጭቃ ቀባሁባቸው። እንዴት ደስ አለኝ! እናቴን ያዳንኳት መሰለኝ። ጭልፋው ግን ባሸው፣ ባጥበው፣ በድንጋይ ብፈገፍገው አልለቅ አለ። ገደል ወረወርኩት።

«ጭልፋዬን አይተሻል?» አለችኝ እናቴ ማታውን።

«አላየሁም። ሰውዬው ይዘውት ሄደው ይሆናል።»

«ተይ አንቺ ልጅ! የሰው ስም አታጥፊ» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ምንም አልመሰለኝም።

ክረምቱን ሙሉ ግድግዳው ከውስጥ ላብ አላበው። እናቴንም ሳሉ ባሰባት። መተቱ ቀድሞ ገብቶ ነው አልኩ፤ ቀዳዳዎቹ ትዝ ሲሉኝም የሚቆጨኝ ዘግይቼ መድፈኔ ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ሰንብቶ አንድ ቀን ፀሐይዋ ገና ወጣ እንዳለች፣ እናቴ ላሟን ልታልብ ወጥታ ሳለ፣ ግድግዳው ከእግሩ ተንሸራተተ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ጤፍ ከጆንያ እንደሚፈስ ያለ ነው። አቧራው ሲገልጥ መደቡ ድንጋይ ብቻ ሆኗል። እናቴ የማለቢያ ግሬራዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ «ቤቴን» አለች።

ወሬው ግራና ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ዳገቱን ወጥተው መጡ። ሰው ተሰብስቧል። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሊያሳድሷቸው ቃል የገቡላቸው የደብሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አሉ። አጎቴ «መጣ ደግሞ፣ የጭቃ ጠንቋይ!» አለ ጮክ ብሎ። እሳቸው ፍርስራሹ ላይ ጎንበስ አሉና ከታች በኩል አንድ ድንጋይ አነሱ። ጎኑ ላይ አመድማ ሲሚንቶ ተለጥፎበታል። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ውሃ ከገባ መውጫ ይፈልጋል» ያሉት ያኔ ገባኝ፤ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

ሽማግሌው ድንጋዩን ሲሚንቶውን ወደ መሬት አድርገው መልሰው አስቀመጡት። ወደ እናቴ ዞረው «ጥፋቱ የእኔ ነው እህቴ። የአገሩን አፈር በደንብ ሳላውቀው ነው» አሉ።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ከነመዶሻቸው ሲመለሱ እናቴ ብቻ እስከ አፋፉ ሸኘቻቸው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ከደጋው ዳግመኛ የጠራቸው የለም። እናቴ ከእኔ ጋር ወልድያ ወርዳ በኪራይ ቤት ኖረች። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ። እሷ ግን እዚያ ቤቷ ውስጥ አንድም ቀን አላደረችም። ወደዚያ አፋፍ የተመለሰችው በሬሳ ሳጥን ነው። አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ጭልፋውን ባገኘሁ በማግስቱ ፈቃድ ወጣሁ። በሲሪንቃ አልፌ መርሳ ወረድኩ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዤ ግራና ገባሁ። እያጠያየቅሁ ደረስኩ። በሕይወት አሉ! ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ መናገር አቃተኝና ጭልፋውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ልክ ያን ቀን ድንጋዩን እንደዳሰሱት።

«የደጋዋ ልጅ» አሉ። «እናትሽ ደኅና ናት?»

«አረፈች አባቴ።»

«አላህ ይማራት።» ጭልፋውን ገልበጥ አደረጉት። «ግድግዳው በወደቀ ሰሞን ይችን ይዛት መጥታ ነበር እኮ። ገደሉ ውስጥ እንጨት ስትለቅም ነው ያገኘቻት፤ ሲሚንቶውን ስታይ ሁሉም ገባት። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ‹ለአገሩ ልናገርና ስምዎን ልመልስ› አለች። እኔ ነኝ ተይ ያልኳት።»

«ለምን?» አልኩ።

«ለእናትሽ ፈርተሽ ያደረግሽው ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔን የሚያውቀኝ ያውቀኛል። አንቺ ግን ገና ልጅ ነበርሽ። ቤት አፍራሽ ተብለሽ የት ትኖሪያለሽ?»

እናቴ ታውቅ ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ከእኔ ጋር በአንድ ማዕድ በልታ፣ አንድ ቀን እንኳን በዓይኗ አልጠየቀችኝም። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩት ሴት፣ ሁለት ሰዎች ገመናዬን ሸፍነውልኝ እንደኖሩ አላወቅሁም። ጉልበታቸው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ራሴን እየዳበሱ «በቃ፣ በቃ፣ ልጄ» ይላሉ።

ስነሳ ዓይኔ ከግድግዳቸው እግር ሥር አረፈ። ሦስት ቀዳዳ። ሁለቱ በአፈርና በገለባ ተደፍነዋል፤ ለካ ዓይን የሌለው ሰው አያያቸውም። ሄጄ ተንበረከክሁና በጭልፋው እጀታ አንዷን ጎረጎርኩ። እርጥብ አፈር ረገፈ፣ ከውስጥም ቀዝቃዛ አየር ጣቴን ነካኝ።

«ያችኛዋንም ክፈቻት፣ ልጄ» አሉ ከኋላዬ።

ከፈትኳት።