ካሊሮይ በአፏ ያልጠራችው ስም

ካሊሮይ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድያ ልጇን ስም ጠርታ አታውቅም ነበር። "ልጄ" ትለዋለች፣ "የኔ ወፍ" ትለዋለች፣ ስትቆጣ ደግሞ "አንተ!" ትለዋለች። ስታማቲስ ግን ብላው አታውቅም። በቲኖስ ደሴት የፒርጎስ መንደር እብነ በረድ ጠራቢዎች ይስቁባት ነበር፤ "አንተ!" ብላ በተጣራች ቁጥር ወንድ የተባለ ሁሉ መሮውን አስቀምጦ ቀና ይላልና።

ነገሩ የመጣው ከስለት ነው። ሁለት ጽንስ ከወረዳት በኋላ ወደ ቲኖስ ወደብ ወረደች። ከወደቡ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክካ፣ "ወንድ ከሰጠሽኝ በስምሽ ፓናዮቲስ እለዋለሁ" ብላ ተሳለች። ወንድ ተሰጣት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ልጅ ስም ያወጡት ግን አማቷ ናቸው። በደሴቲቱ ወግ የበኩር ልጅ የአያቱን ስም ይወስዳል፣ እናቱም ሲጠመቅ ቤቷ ሆና ትጠብቃለች። ሽማግሌው ስታማቲስ ስለቱን ያውቃሉ። ቢሆንም በዚያ ቀን ታመው፣ በቃሬዛ ተይዘው ከማጥመቂያው አጠገብ ተቀመጡ። ክርስትና አባትየው ቄሱ ስሙን ሲጠይቁት የሽማግሌውን ዓይን አየና አንጀቱ አልችል አለ።

ካሊሮይ ደጃፏ ላይ ቆማ ሳለች የመንደሩ ልጆች የምሥራቹን ሊነግሯት እየተሽቀዳደሙ መጡ። "ስታማቲስ ተባለ! ስታማቲስ!" ለእነሱ ብላ ያዘጋጀችውን የለውዝ ጣፋጭ አደለቻቸውና ገብታ አለቀሰች። በሽማግሌው ለመፍረድ ይከብዳል፤ በሳምንቱ ፈገግ እንዳሉ አረፉ። እሷ ግን ስለቴን በላሁ እያለች፣ እመቤታችን አንድ ቀን ትጠይቀኛለች እያለች ልጁን በስስት አሳደገችው።

ከዚያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1940 መጣ። ስታማቲስ የባሕር ኃይል ገብቶ ባንድ አሮጌ የጦር መርከብ ላይ፣ መርከቧን የሚነዳው እንፋሎት በሚፈላበት ቦይለር ክፍል ይሠራ ነበር። ዓለም ሲቃጠል ግሪክ ገለልተኛ ነኝ ብላ ጥጓን ይዛለች። የገለልተኛ መርከብ ሥራ ምን እንደሆነ ካሊሮይ የምታውቀው ከልጇ ደብዳቤ ነው።

"ዛሬም ሰንደቅ ዓላማችንን በትልቁ ቀባን፣ ከሰማይ እንዲታይ ብለው ነው" ይላል ደብዳቤው። "ባለፈው አውሮፕላን መጥቶ አጠገባችን ቦምብ ጣለ። እኛ ግን ጠብ እንዳንጭር የመድፎቹን አፍ በሸራ ሸፍነናል።"

"አፉ የተሸፈነ መድፍ!" አለ ባሏ ያኩሚስ። "ምኑ ይገርማል? እኔም በዚህ ቤት እንደዚያው ነው የምኖረው።"

"አንተስ ሸራውን ቀደህ ስንቴ ተኩሰሃል!" አለችው።

መልሱን ስትጽፍ ፖስታው ላይ ሁልጊዜ "ለፓናዮቲስ" ትላለች። መርከበኞቹ፣ "ባለ ሁለት ስሙ፣ አንዱን አበድረን እንጂ!" እያሉ ልጁን መቀለጃ አደረጉት። እሱ ግን ፖስታዎቹን አንድም ሳይጥል ያስቀምጥ ነበር።

ፍልሰታ ሲቃረብ እንዲህ ሲል ጻፈላት። "እማ፣ መርከባችን ለበዓሉ ቲኖስ ትመጣለች። ጠዋት የመጀመሪያው ጀልባ ግን ዕለቱ የስማቸው በዓል ለሆነ፣ ለፓናዮቲሶች ነው። እኔ ስታማቲስ ስለሆንኩ እስከ ቀትር ከቦይለሩ አልወጣም። ጠብቂኝ።"

ካሊሮይ ሦስት ጊዜ አነበበችው። "አየህ?" አለች ባሏን። "የነፈግሁትን ስም ቢይዝ ኖሮ በጠዋት ይወርድ ነበር። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበቴ እሄዳለሁ። ይቅር ትበለኝ፣ ልጄንም ታውጣልኝ።"

"ጉልበትሽ እኮ የቤታችንን ደረጃ እንኳ አይችልም።"

"እሷ ታስችለኛለች።"

በበዓሉ ጠዋት መርከቧ በባንዲራ አጊጣ ከወደቡ ደጅ መልሕቋን ጥላ ቆማለች። ካሊሮይ ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላ በጉልበታቸው ከሚሄዱት ተሳላሚዎች ጋር ዳገቱን ጀመረች። ያኩሚስ ቁመቷን የሚያክል ጧፍና ውኃ ይዞ በጎኗ ይሄዳል። እኩሌታውን አልፋለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ምድር ተናጠች። ዞር ብላ ስታይ መርከቧ በጭስ ተሸፍናለች።

"ቶርፒዶ ነው!" አለ አንዱ። "ከባሕር ሥር ነው የመቷት! ቦይለሩ ጋ!"

"ተነሺ!" አላት ያኩሚስ።

"ብነሣ ስለቴ ሁለተኛ ፈረሰ።" ጉልበቷ ድንጋዩን የሙጥኝ ብሏል፣ ሆዷ ደግሞ ወደቡ ላይ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ቤተ ክርስቲያኑን አየች። "አንቺም ወልደሻል፤ አንቺው ፍረጂኝ" አለችና ተነሣች። ጨርቆቿ ከጉልበቷ ወልቀው መንገዱ ላይ ቀሩ። ሮጠች።

ጀልባዎቹ ነዳጅ ያጠቆራቸውን መርከበኞች ያወጣሉ፤ የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ሆኗል። "ልጄ!" ብላ ጮኸች። ወደቡ ላይ ያለች ሴት ሁሉ "ልጄ!" ትላለችና ማንም ዞር አላለም። ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት የታፈነው ወጣ።

"ስታማቲስ! ስታማቲስ! ስታማቲስ!"

ድምፅዋ እስኪዘጋ ጠራችው። ከጀልባዎቹ መልስ የለም።

"እማ" አላት አንድ ሰው ከኋላዋ።

ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ አንድ ጠብታ ነዳጅ ሳይነካው ቆሟል። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፤ ንጹሕ መሆኑን አላመነችም።

"ጎረቤቶች ነግረውኝ እላይ በጉልበታቸው በሚሄዱት መካከል ስፈልግሽ ነበር" አላት። "ስትጣሪ ሰማሁ። የሌላ ስታማቲስ እናት መስለሽኝ ነበር።"

"እንዴት ወረድክ?"

"ፖስታዎችሽን ለአለቃው አሳየሁት። 'መዝገቡ ስታማቲስ ይላል' አለኝ። 'እናቴ ፓናዮቲስ ትለኛለች' አልኩት። ሳቀና፣ 'እንግዲያው የእናት መዝገብ ይበልጣል፣ ውረድ' አለኝ።"

ካሊሮይ ደረቱ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ቀና ስትል የልጇ ፊት እንዳልተፈታ አየች።

"በቦታህ ማን ገባ?"

ወደ ጭሱ ዞረ። "ዚሲሞስ" አለ። "የኢድራ ደሴት ልጅ ነው። ራሱ ነው የገፋኝ። 'ሂድ፣ እናትህን ሳምልኝ' አለኝ።" ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። የመጨረሻው ጀልባ መጥቶ ነበር፣ ዚሲሞስ ግን አልነበረበትም።

መርከቧን የመታው ማን እንደሆነ ወደቡ ላይ ሕፃኑም ያውቃል። መንግሥት ግን "ዜግነቱ ያልታወቀ ባሕር ሰርጓጅ" ብሎ አወጀ። ገለልተኛ አገር መቺውን እንኳ በስሙ አይጠራም። ያው መቺ በሁለት ወሩ ጦሩን ይዞ በግልጽ መጣ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስሙን ጠራ።

ካሊሮይ ግን በዚያው ጠዋት ወደ ተነሣችበት ቦታ ተመለሰች። ጨርቆቿ እዚያው ነበሩ። ተንበረከከች፣ ልጇም በጎኗ ተንበረከከ።

"ልጅሽ ተገኘ እኮ" አላት ያኩሚስ በቀስታ። "አሁን ለማን ነው?"

መንገዱን ቀጠለች። ጉልበቷን ባነሣች ቁጥር "ዚሲሞስ" ትላለች፤ ባሳረፈች ቁጥር "ዚሲሞስ" ትላለች፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ። ኢድራ ያለችው እናቱ ገና አልሰማችም ነበር።