በእኔ ዕዳ የተያዘችው በቅሎ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስምንት ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም ወረቀት ላይ «ዋስ» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ቀጥሎ እንባ እንባ ይለኛል።

የተወለድኩት መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ነው። የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ግን ከቤታችን በመኪና የሁለት ቀን መንገድ ነበር። ገና ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ የወጪ መጋራት ውል የሚባል ቅጽ ተሰጠን። ለትምህርታችን፣ ለምግባችንና ለመኝታችን መንግሥት ያወጣል፤ እኛ ደግሞ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ድርሻችንን ከደመወዛችን እንከፍላለን። ቅጹ ላይ ወላጅም መፈረም ነበረበት። ካልተፈረመ ምዝገባችሁ አይጸናም ተባልን።

ለአባቴ ደወልኩለት። ቅጹን በመኪና ልላክልህና ፈርመህ መልስልኝ አልኩት።

«ብድር ነው?» አለኝ።

«እንደዚያ በለው።»

«ዋሱ ማነው?»

«ዋስ የለም አባባ። እኔው ነኝ።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት።

ለካ አባቴ ሌላ ነገር ገብቶታል። በእኛ አገር ያለ ዋስ የሚያበድር ሰው አይታመንም። ዋስ ካልጠየቀህ ሌላ የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። «እኔው ነኝ» ስለው መያዣዋ ልጄ ናት ብሎ ደመደመ። የዚያኑ ዕለት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

እኔ ቅጹን የሚያደርስልኝ ሰው ሳፈላልግ፣ በአራተኛው ቀን የግቢው ጥበቃ አስጠራኝ። በሩ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ከተማው ቆላ ነው። ላባቸው ይንቆረቆራል፣ ባናቸውን ግን አላወለቁም።

«ዋስሽን ይዤ መጣሁ» አለኝ አባቴ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዲሶቹ ጓደኞቼ ቆመው ያያሉ። ዋስ እንደማያስፈልግ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ማን ይስማኝ! ጋሽ ደምሴ አንዴ ከተነሡ የሚመለሱ ሰው አይደሉም።

የወጪ መጋራት ክፍሉ መስኮት ላይ ተራችን ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ባናቸውን አደግድገው፣ ዳኛ ፊት እንደቀረቡ ሁሉ ቀጥ አሉ።

«ለዚች ልጅ ዋስ ነኝ። ከድታ ብትጠፋ ዳማ በቅሎዬ ትያዝ» አሉ።

ድምፃቸው ሰልፉን ሁሉ አዳረሰ። ከኋላችን ያሉት ተማሪዎች ሳቁ። እኔም የማላውቃቸው ለመምሰል አንድ እርምጃ ራቅ አልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

ሠራተኛዋ ግን አልሳቀችም። በዕድሜ ታላቅ እህቴን የምታህል ሴት ናት። ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገብታ ወንበር ሰጠቻቸው። ዋስ አያስፈልግም ብትላቸው እንደማያምኗት የገባት ይመስለኛል። ነጭ ወረቀት አወጣችና «አባቴ፣ ይናገሩ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለች። የበቅሎዋን መልክ ሳይቀር ጻፈች። ጋሽ ደምሴ አውራ ጣታቸውን አኖሩ፣ አባቴ ቅጹ ላይ ፈረመ፣ ወረቀቱም ፋይሌ ውስጥ ገባ። አባቴ ለመንገድ ከያዘው የገብስ ቆሎ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርገፍ አድርጎላት፣ መርቋት ወጣ።

ነገሩ በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ለክረምት ቤት ስመጣ የጋሽ ደምሴ የሣር ጣሪያ ያፈሳል። ልጃቸው በቅሎዋን ሸጠን ቆርቆሮ እንግዛ ይላል። ከዓለም ከተማ የመጣ ነጋዴ ደህና ዋጋ ሰጥቶም ነበር። እሳቸው ግን እምቢ ብለዋል።

«ጋሼ፣ ያ ወረቀት እኮ ለወጉ ነው። በቅሎዎን የሚነካት የለም» አልኳቸው።

«ያቺ ልጅ ጽፋለች፣ እኔም ጣቴን አኑሬያለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉኝ።

የወለዱት አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ተመርቄ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ሥራ ያዝኩ። ከደመወዜ በየወሩ የሚቆረጠው ዕዳውን ቶሎ የሚጨርስ አልሆነም። ዝናብ በጣለ ቁጥር የጋሽ ደምሴ ጣሪያ ትዝ ይለኝ ነበር። ዕቁብ ገባሁ። ባለፈው ዓመት ዕጣው ሲወጣልኝ የቀረውን ዕዳ ባንድ ጊዜ ከፈልኩ።

ክሊራንሴን ልወስድ ዩኒቨርሲቲው ስሄድ ያቺው ሠራተኛ እዚያው መስኮት ላይ ናት። ስሜን አላስታወሰችም። ፋይሉን ከፍታ ወረቀቱን ስታይ ግን ሳቅ አለች።

«የበቅሎዋ ባለቤት ደህና ናቸው?»

ደህና እንደሆኑና በቅሎዋን እስካሁን እንዳልሸጡ ነገርኳት። ሳቋን ተወች። ከጣት አሻራው ሥር «ዕዳው ስለተከፈለ ዋሱ ከዋስትናቸው ተለቀዋል» ብላ ጽፋ፣ ማኅተም አሳርፋ ሰጠችኝ። ማንም ያላዘዛትን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠራችልኝ።

ዘመሮ ወርጄ አባቴና ጋሽ ደምሴ ባሉበት አነበብኩት። ጋሽ ደምሴ ቆመው ሰሙ። ሲያልቅ አማተቡ። ደስ ብሏቸው በቅሎዋን ወደ ገበያ ይነዷታል ስል፣

«ታናሽ እህትሽ የዩኒቨርሲቲውን ፈተና አለፈች አሉ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አልፋለች።»

«እንግዲያስ በቅሎዋ ትቆይ» ብለው ቁጭ አሉ።

አባቴ አቀረቀረ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነጠላዬን አደግድጌ ተነሣሁ።

«ለእሷ ዋስ እኔ ነኝ። ብትከዳ ደመወዜ ይያዝ» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አላሳቃቸውም። ዋስ መዝነው የሚያውቁ ሰው ናቸውና ጊዜ ወስደው አዩኝ።

«ትበቂያለሽ» አሉ።

በቅሎዋ በሚቀጥለው ገበያ ተሸጠች። ዕድሜዋ ገፍቶ ስለነበር ለቆርቆሮው የጎደለውን እኔና አባቴ ሞላንበት። አሁን ዝናብ ሲጥል ጋሽ ደምሴ ይደውሉልኝና ቆርቆሮው ሲንኳኳ እንቅልፍ ነሳኝ፣ የድሮው ሣር ይሻል ነበር ብለው ይነጫነጩብኛል። እኔም ደስ እያለኝ እሰማቸዋለሁ። ያኔ በሰልፉ መሐል ራቅ ያልኩባትን አንድ እርምጃ አይተው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።