«ቀና» የምትባል ቃል

ሚስቴ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካርልተን ሰፈር ባለው ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ስትማር እኔ ያራቪል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከአንድ ጣሊያናዊ የክፍል ጓደኛዋ ጋር የአንዲት ቃል ታሪክ ልትጽፍ መሆኑን ነገረችኝ። ቃሏም የእንግሊዝኛዋ «ጄለስ» ናት፤ ቀናተኛ ማለት። ከዓለም ቃል ሁሉ ይቺን!

«ማነው የመረጠው?» አልኳት።

«እሱ ነው» አለች፣ ቀለል አድርጋ።

ምን እደብቃለሁ፣ ቀንቻለሁ። በሰውዬው ብቻም አይደለም፤ እኔ በማልገባበት ወሬ አብረው መሳቃቸው ነው ያንገበገበኝ።

እራት ስንበላ ታስረዳኝ ጀመር። መነሻው የግሪኩ «ዜሎስ» ነው፤ የልብ መጋል እንደ ማለት። በላቲን በኩል አልፎ ፈረንሳዮች ጋ «ጃሉ»፣ ጣሊያኖች ጋ «ጄሎሶ» ሆነ። እንግሊዝኛው ከዚያው ሥር ሁለት ቃል አወጣ፤ አንዱ ለእምነቱ ለሚተጋ፣ ሌላው ለእኔ ቢጤ። ስዊድኖች ጭራሽ ጥቁር ሕመም ይሉታል። ፈረንሳዮች ደግሞ «ጃሉዚ» ብለው ለመስኮት ርብራብ ሰጥተውታል፤ ሳትታይ ውጭውን ታይበታለህ።

«የኛም እኮ እንደ ግሪኩ ነው» አለችኝ። «ፓስተራችን ለእግዚአብሔር ቤት ቅናት እንዲሰጠን ሲጸልይ አሜን ትል የለ?»

«ያኛው ሌላ ነው» አልኩና እጄን ልታጠብ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰውዬው በመኪናው አመጣት። ፍሌሚንግተን ባለው ቤታችን፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቆሜ አየኋቸው። መኪናዋ ቆማለች፣ እሷ ግን አትወርድም። ያወራሉ። የመስኮቱን መሸፈኛ በሁለት ጣቴ ፈልቀቅ አድርጌ ሳጮልቅ ፈረንሳዮቹ ትዝ አሉኝና ይባስ ተናደድኩ። ቃል አጥንተውልኝ ሞተዋል!

በማግስቱ ከቸርች መልስ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ወጥ ቤት ላፕቶፗን ከፍታ በስልክ ታወራለች። የሰውዬው ድምፅ በስፒከር ይሰማል፤ ከአማርኛ ምሳሌ እንድትሰጠው እየጠየቃት ነው። በትከሻዋ በኩል ስክሪኑን አየሁት። «ባሌ ቀና» ይላል።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ገመናዬን ለባዕድ ታወጪያለሽ? ሌላ ምሳሌ ጠፍቶ ነው? መኪና ውስጥም ስለ እኔ ነበር የምታወሩት?» ጮህኩባት። ስልኩ ክፍት መሆኑን እያወቅሁ ነው የጮህኩት።

ጣቶቿ ካቆሙበት ቀጠሉና ከ«ቀና» ቀጥሎ «ነው» ብላ ጨመረች።

ባሌ ቀና ነው።

«ቃሉ ደግም ክፉም እንደሚሆን እያሳየሁት ነበር» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ለደጉ ማንን ልጥቀስ?»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ከፌስታሉ የፈሰሰውን ዕቃ መልቀም ያዝኩ።

ሰውዬው ከስልኩ ውስጥ ደህና መሆኗን ጠየቃት።

«ደህና ነኝ» አለችው በእንግሊዝኛ። «ምሳሌውን እየቀየርኩ ነው።»

ከዚያ ዓይኔን እያየች «ነው» የሚለውን አጠፋችው።