ቀትር ላይ የተቀዳ ውሃ

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ ነፋሱ ግን ይቆነጥጣል። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ አያ ካሴ እና ልጃችን ስንዱ።

ስንዱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እጅና እግሯ አጭር ሆኖ ነው የተወለደችው፤ ቁመቷ ከደረቴ አያልፍም። እዚሁ ፀዳ ከተማ ልብስ ትሰፋለች።

በዘራችን እንዲህ ያለ ሰው የለም። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ሆነ... እርጉዝ ሳለሁ በቀትር ምንጭ ወርጄ ነበር። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ «የቀትር ጋኔን ነው የመታት» እንዳሉ ኖሩ። እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ በቀትር ውሃ ቀድቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። ጮክ ካላልኩ ደግሞ አይገባኝም።

ያን ቀን ኮረሪማ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ... አባት ዕድሜው ገፍቶ ሲወልድ፣ በዘሩ ላይ አዲስ ለውጥ የመፈጠሩ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል ይላል። እጅና እግር አጥሮ መወለድም አንዱ ነው ይላል። ከዚያ በታች ተቀዷል።

ቀና ስል አያ ካሴ በር ላይ ፀሐይ መሞቁን ትተው ያዩኛል። ስንዱ ስትወለድ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። እኔ ሃያ አንድ።

«ድገሚው እስቲ» አሉኝ።

ደገምኩት።

«እንግዲያ ከኔ ነው?»

ስንዱ ሳቀች። «አባዬ፣ ሌላው ካባቱ መሬት ይወርሳል፣ እኔ ዕድሜዎን ወረስኩ! ደግሞ ወረቀቱ ዕድል ነው ያለው እንጂ ጥፋት አላለም።»

እሳቸው አልሳቁም።

«ያን ቀን ጠማኝ ብዬ ምንጭ የላክሁሽ እኔ ነበርሁ» አሉ። «ለእናቴ አልነገርኋት።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

ይህ ሸክም የወረደልኝ ቀን ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር... ወረደ፤ ግን መሬት አልወደቀም። እሳቸው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ራት አልበሉም። ሌሊቱን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አደሩ፤ እንዳልተኙ ከትንፋሻቸው አውቄያለሁ።

ማግስቱን ጠዋት በርሜል ውስጥ የነበረውን ውሃ ሁሉ ልብስ አጥቤ ጨረስኩት። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠበቅሁና ጄሪካን ይዤ ቦኖ ወረድኩ። ቀዳሁ። ከዚያው ውሃ በጣሳ ለአያ ካሴ ሰጠኋቸው።

ሲቀበሉኝ ግማሹ ፈሰሰ... ሞልቼ ደገምኩላቸው።