የኋላዋ ቡሎን

«ምላስሽ ለሰው ሁሉ ስለት ነው፤ አባትሽ ጋ ሲደርስ ይዶለዱማል። ልጄን ያስወሰደው እሱ መሆኑን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ነግረሽው አታውቂም!»

እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። ባለፈው እሁድ፣ ምስር እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ መቀመጥ አልወድም፣ ድሮም አልወድም። ልመልስላት አፌን ስከፍት በመንገዱ አንድ አሮጌ ታክሲ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ እያለ አለፈ። አባቴ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበርና አንገቱን አቀና። ማርሚታው የተቀደደ መኪና ያጓራል፤ ይሄ ግን የጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ላይ የሚያፈስ ነው። ብርድ የያዘው ሰው ጥርስ ይመስላል ድምፁ። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ተያየን። የተቃጠለው ዘይት ሽታ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ገባ፤ እኔም እዚያው በቆምኩበት አሥራ ሰባት ዓመቴ ሆነ።

ያኔም ቤታችን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ የገዛት፣ ቀለሟን ፀሐይ የበላው ትንሽ መኪና ነበረችው። ድምፅዋ ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳይቀር «የናንተ መኪና ጥሩ ናት፣ ራሷን ሪፖርት ታደርጋለች» እያለ ይቀልድባት ነበር። እኛም እንስቅ ነበር፤ የወንድሜ ስም ለውትድርና ከተመለመሉት ጋር ተለጥፎ እስኪወጣ ድረስ።

ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስሙ ከወጣ ጀምሮ ጓዳ ውስጥ ከከሰል ጆንያው ጀርባ ነበር የሚውለው። የቀበሌ ጠባቂዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ፈልገው አጡት። በሦስተኛው እንደማያጡት ሁላችንም እናውቅ ነበር። የደንገጎን ዳገት ከወጡ በኋላ አጎታችን እርሻ አለው፤ እዚያ ከደረሰ ተረፈ ማለት ነው። እንዴት ይድረስ? ሌሊት ሰዓት እላፊ አለ። ጠዋትና ማታ ኬላው ላይ ፍተሻ ነው። የቀረችን ቀትር ብቻ ናት።

ድሬ ያላደገ ሰው ይሄ አይገባው ይሆናል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ ሰው አታስወጣም። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፤ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ የጫት በርጫውን ይዞ ይጋደማል። ኬላ ጠባቂው ገመዱን ጥሎ ጥላ ይፈልጋል። የቀበሌያችን ጠባቂዎችም ማዕዘኑ ላይ ባለው የቀበሌ ቤት ጫታቸውን ይዘው ይገባሉ። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ዝንብ ብታልፍ ትሰማለች። መኪናችን ደግሞ ዝንብ አልነበረችም።

«መጀመሪያ አፏን እንዝጋላት» አለ አባቴ።

ከሰዓት በኋላ ኒሙ ሥር ኮፈኗን ከፈተ። የዛጉትን ቡሎኖች ዋዜማውን ናፍጣ አጠጥቷቸው ነበርና እያቃሰቱም ቢሆን ወጡ። ጭስ ማውጫውን ከሞተሩ ላይ ሲያላቅቀው መሀሉ ሆኖ ጭስ እንዳያፈስ የሚደፍነው ጓርኒሲዮን እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። እኔ ፍርፋሪውን በቢላዋ ፋቅሁ። አዲስ የሚገዛበት አልነበረም። አባቴ ከወርክሾፑ ያመጣውን የአስቤስቶስ ቁራጭ ሞተሩ ላይ ለጠፈና በመዶሻው ክብ ራስ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያደረገ መታ፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ቀዳዳዎቹ ራሳቸው እየተቆረጡ ወደቁ። መቀስ የሚባል ነገር አልነካም።

«አቦ ቶሎ በል!» አልኩት። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

«ቶሎ የሠሩት ቶሎ ይጮሃል» አለኝ።

ወንድሜ በጓዳው መስኮት ስንጥቅ ያየናል። «ሜካኒኳ! አፍንጫሽ ላይ ጥላሸት አለ። ለሰርግሽ ይሁን ብለሽ ነው?» ይለኛል። መፍቻ አነሳሁበት።

የኋላዋ ቡሎን ነገር የመጣው ጭስ ማውጫውን መልሰን ስንገጥም ነው። ከሞተሩ ጀርባ ግድግዳው ጋ የተሸጎጠች ቡሎን ነበረች። የአባቴ እጅ ወፍራም ነው፣ አይገባም። የኔ ግን እስከ ክንዴ ገባ። መጀመሪያ የመሀሎቹን፣ ቀጥሎ የዳሮቹን፣ መጨረሻ የኋላዋን አጠበቅን። ሞተሩ ተነሳ። ጸጥ! ድመት ስትተኛ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ። እናቴ ከበሩ ላይ አጨበጨበች፤ እኔ ልይ ብዬ ስጠጋ የጋለው ብረት የእጄን አንጓ ላጠኝ። ጠባሳው አሁንም አለ።

እናቴ ማንቆርቆሪያና ሳሙና ይዛ መጣች። ከሥራ በገባ ቁጥር የአባቴን እጅ የምታስታጥበው እሷ ነበረች፤ ዘይቱ እስኪለቅ ሦስት ጊዜ ታፈስለታለች፣ በየመሀሉ ታሾፍበታለች። በዚያን ቀንም «ይሄ እጅ ነው ወይስ የባቡር ጎማ?» አለችው።

እሱ እየታጠበ ወደኔ ዞረ። «አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ይተኛል፤ ሲበርድ ቡሎኑ ይላላል። ነገ ጠዋት እኔ ሥራ ነኝ። የፊቶቹን ሳልወጣ አጠብቃቸዋለሁ፤ የኋላዋ ያንቺ ናት። ሳትረሺ።»

«ሀዬ» አልኩ።

አልረሳሁም። ብረሳ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ኮፈኗን ከፈትኩ፣ መፍቻውን ያዝኩ። የተቃጠለው አንጓዬ ይለበልበኛል። አስነሳኋት፣ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ ጸጥ። ሽማግሌው አባቴ ያበዛዋል ብዬ አሰብኩ። ያኔ ጓደኛዬ በአጥር በኩል ጠራችኝ፤ ቀፊራ ገበያ አዲስ ጨርቅ ገብቷል፣ አረንጓዴ፣ አበባ ያለው። መፍቻውን ሣጥኑ ውስጥ ወረወርኩና ሄድኩ።

በስድስት ሰዓት አባቴ መጣ። «አጠበቅሽ?»

«አጥብቄያለሁ።»

ወንድሜ ከኋላ ወንበሩ ሥር ተኛ፤ በላዩ ባዶ ጆንያ ደረብንበት። ከጆንያው ውስጥ «ስመለስ ጋራዥ እንከፍታለን። አንቺ ከመኪናው ሥር፣ እኔ ከጥላው ሥር» አለኝ። እግሩን መታ አደረግሁት። የግቢውን በር ከፈትኩላቸውና ወጡ።

ግማሹን መንገድ ያለ ድምፅ ሄዱ። ከቀበሌው ቤት በፊት ትንሽ አቀበት አለች፤ አባቴ ነዳጅ ሰጠ። ጠ። ከዚያ ጠ-ጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ጠጠጠጠጠ!

አንዱ ጠባቂ ጉንጩ በጫት እንዳበጠ ወጣ። «ዋሪያ! ቁም! አባባ፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

ጆንያውን ሲያነሱ ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ሁርሶ ማሠልጠኛ ወሰዱት። ከዚያ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ «ሜካኒኳ እንዴት ናት?» የሚል። ሌላ አልመጣም። ይኸው ሦስት ዓመት።

ወንድሜ በተያዘበት ምሽት፣ አባቴ በማስጠንቀቂያ ተለቅቆ ሲመጣ፣ ኮፈኗን ከፍቶ ለብዙ ጊዜ ጎንበስ አለ። ከኋላዋ ቡሎን ሥር ጥቁር የጥላሸት መስመር ወጥቶ ነበር። ጥላሸቱን አየ፣ እኔን አየ። እናቴ ከኋላችን እየጮኸች መጣች፤ «ምን ሆና ነው የጮኸችው? ተሠራች አላላችሁም?»

«እኔ ነኝ» አላት። «አንዱን ቡሎን ሳላጠብቅ ረሳሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቆርቆሪያውን አላነሳችለትም። እጁን ጓሮ ቧንቧው ላይ ብቻውን ይታጠባል። እኔም፣ ለማንም የማልቀባባዋ፣ እውነቱን ለእናቴ አልነገርኳትም።

እሁድ ዕለት ታክሲው ካለፈ በኋላ «እሱ አይደለም» አልኳት እናቴን። «እኔ ነኝ።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«የኋላዋን ቡሎን አጥብቂ ብሎኝ ነበር። ሳላጠብቅ አጥብቄያለሁ አልኩት። ቀፊራ ጨርቅ ሳይ ነበር።»

«እሱ ያውቃል?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ አውቋል።»

ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ብድግ አለች። ስትነሳ ምስሩ ከጭኗ ላይ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከመደርደሪያው ማንቆርቆሪያውን አወረደች፣ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገች፣ ውሃ ቀዳች። ኒሙ ሥር ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«እጅህን ዘርጋ» አለችው።

አባቴ መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። ነጠላዬን ከሚስማሩ ላይ አነሳሁና ሁለቱን ብቻቸውን ትቼ የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁ።