ምናለሽ ተራ ለሁለት የተቆረጠው አክስል

ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጋሽ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ሊሸጡልኝ የነበረውን አክስል ዓይኔ እያየ በግራይንደር ለሁለት ቆረጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎጃም ወደ እህል በረንዳ ጤፍ ለማመላልስበት መኪና የኋላ አክስል፣ ጎማዎቹን የሚይዘውን ብረት፣ ፈልጌ ሱቃቸው ሄድኩ። እንደ ተራው ደንብ በመዶሻ መታ መታ አድርገው «ድምፁን ስማ! እንከን የለውም» አሉኝ። እኔማ አምኜ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሰላም ግን ሥራዋ ብረት መመርመር ስለሆነ መሣሪያዋን ይዛ አብራኝ መጥታለች። አክስሉን ጄል ቀብታ በድምፅ ሞገድ ውስጡን ማየት ጀመረች፤ ልክ እንደ እርጉዝ ሆድ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለ አንዱ ተሸካሚ። ተራው በሙሉ በሳቅ አለቀ።

ሰላም ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ውስጡ ተሰንጥቋል» ብላ ስክሪኑን አሳየቻቸው። ከላይ ጭረት እንኳ የለውም! የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ጤፍ ጭኜ ስወርድ ሲሰበር ታየኝ።

ጭቅጭቅ ስጠብቅ ጋሽ ከድር ግራይንደር አነሱ።

«ምነው ጋሼ፣ እኔ ከተውኩት አይበቃም?»

«እንዲሁ ካደረ፣ ነገ ሸይጧን ሽጠው ይለኛል» አሉኝ።

ሰላምዬ፣ ኑሪልኝ። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

እናንተስ፣ የራሱን ዕቃ አበላሽቶ ነፍሳችሁን ያተረፈ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል?